ባለ ሁለት ደጃፍ አባወራ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፥ የጦሳን ተራራ ከጀርባው ጥሎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከተያያዘው በኋላ፥ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፥ ጋቢ ከሚያስደርበው ደጋ ጋቢ ወደሚያስወልቀው አየር ይደርሳል፤ ከዚያም ጎዳናው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በከሚሴና በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ሲያመራ፥ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ በባቲና በሚሌ በኩል የአፋርን በረሓ ሰንጥቆ ወደ ባሕር ይወርዳል። ይህን የባሕር መንገድ ለመኪና እንዲመች አድርጎ ያነጠፈው ጣሊያን በወረራው ዘመን ቢሆንም፥ ሲራራ ነጋዴውና ግመሉ ግን ከእርሱ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ የባቲም የሰኞ ገበያ፥ ደገኛውና በረኸኛው የሚገናኙበት፥ የዚሁ ምስክር ነው። ስለዚህ የወሎ ሰው ባሕር ማዶን ሲያስብ ከገዛ ደጁ የሚጀምር ጎዳና መጨረሻ አድርጎ ማሰብ ከጀመረ ብዙ ትውልድ አልፏል።

በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው፥ በዚያ ጎዳና ወርዶ፥ ባሕሩን ተሻግሮ፥ በማዶ ሌላ ምድጃ የመሠረተውን፥ ሆኖም የፊተኛውን ምድጃ ያላፈረሰውን አባወራ ነው። አገሬው ስለ እንዲህ ያለው ሰው ሲያወራ «ሄዶ ቀረ» አይለውም፤ ሄዶ የቀረ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፥ ለእርሱ ሰደቃ ይወጣለታል፥ ወይም ፍትሐት ይደረግለታል፥ ወይም ሚስቱ ጊዜዋን ጠብቃ ታገባበታለች። ይህኛው ግን ገንዘብ ይልካል፥ ለልጁ ልብስ ይልካል፥ ለዓረፋ ወይም ለፋሲካ በግ ያስገዛል፤ ስለ እርሱ የሚባለው «እዚያም ቤት አለው አሉ» ነው። የምዕራፋችንም ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት ምድጃ መያዝ ጥንታዊ ነገር ሲሆን፥ የዘመናችን ነገር የሆነው መሰወሩ ነው፤ ስውሩንም ጠብቆ የሚያኖረው ባልየው ብቻውን ሳይሆን፥ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ሁሉ በየድርሻው ነው።

ጥንታዊነቱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ ይፈቀድልን። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፥ ከካይሴሪ ከተማ አጠገብ፥ ካኔሽ የተባለች የጥንት የንግድ ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ ከዚያም ከ20,000 የሚበልጡ የሸክላ ጽላቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ19ኛው ምእት ዓመት ገደማ፥ የአሦር ከተማ ነጋዴዎች የሱፍ ጨርቅና ቆርቆሮ በአህያ ጭነው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ በዚያ ይነግዱ ነበር። ሚስቶቻቸው በአሦር ተቀምጠው ልብሱን ያሠራሉ፥ ይልካሉ፤ ባሎቻቸው ሸጠው ብር ይመልሳሉ፤ በመካከሉም በሸክላ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ይመላለሳል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ብሩ አነሰ፥ አንተም ቆየህ የሚሉ የሴቶች ወቀሳዎች ናቸው። ነጋዴው በካኔሽ ሌላ ሴት ሊያገባ ይችል ነበር፤ ይህም በውል የተጻፈ፥ ወሰን የተደረገለት ነገር ነበር፦ ሁለቱ ሚስቶች በማዕርግ እኩል እንዳይሆኑ፥ በአንድም ከተማ እንዳይቀመጡ። በአሦር ያለችው ስለ ካኔሿ ታውቃለች፤ የካኔሿም ነጋዴው አርጅቶ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን እንደሚመጣ፥ ያን ቀንም በውሉ የተቆረጠላትን ይዛ እንደምትሰናበት ታውቃለች። ደግ ሥርዓት ነበር አልልም፤ ግን በገሃድ የቆመ ሥርዓት ነበር።

በእኛም አገር፥ የቀደሙት አባቶች ጋብቻን በቁርባን፥ በሰማንያና በደሞዝ ብለው ሲለዩ፥ ይህ ሦስተኛው፥ ማለት የደሞዝ ጋብቻ፥ ከቤቱ ርቆ ለሚኖር ሰው፥ ለነጋዴው፥ ለወታደሩ፥ ለመንገደኛው የተበጀ ነበር፤ ሴቲቱ በወር ወይም በዓመት ይህን ያህል ብር፥ ይህን ያህል እህል ተብሎላት፥ ምስክር ተቆጥሮ፥ ቤቱን ትይዝለታለች፤ ጊዜው ሲያልቅ በሰላም ይለያያሉ፤ የተወለደውም ልጅ የአባቱ ልጅ ይባላል፥ ከርስቱም ይካፈላል። ካህናቱ ይህን ሥርዓት ወድደውት አያውቁም፥ ለቁርባንም አያበቃም ነበር፤ ነገር ግን ስሙ የታወቀ፥ ዋጋው የተቆረጠ፥ ፍጻሜው ያልተሰወረ ነበርና፥ ጎረቤት ሁሉ እያየ የሚኖርበት ኑሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደሞዝን ጋብቻ ከጋብቻ ተርታ አውጥቶ፥ ሁለተኛ ጋብቻንም ከለከለ፤ በዚህም ሕጉ ለሴቲቱ ክብር ሲል መልካም አደረገ፤ ሆኖም መንገደኛው መጓዙን ስላላቆመ፥ በደጅ የነበረው ነገር ወደ ጓዳ ገባ።

ሃይማኖቶችም የባልን ርቀት አላቃለሉትም። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ወደ ጦር እንዳይወጣ፥ ሚስቱንም ደስ እንዲያሰኝ ያዝዛል። በእስልምናም ትውፊት፥ ኸሊፋው ዑመር በሌሊት ከተማይቱን ሲዞሩ፥ ባሏ የዘመተባት ሴት ብቸኝነቷን በግጥም ስታንጎራጉር ሰምተው፥ ልጃቸውን ሐፍሳን ሴት ያለ ባል ምን ያህል እንደምትታገሥ ጠይቀው፥ እርሷም በነገረቻቸው መሠረት፥ እንደ አንዳንዱ ዘገባ ከአራት፥ እንደ ሌላው ከስድስት ወር በላይ ወታደር ከቤቱ እንዳይርቅ አዘዙ ይባላል። በኦሪቱና በሐዲሱ መካከል ባለው የወሎ ኑሮ፥ አንዱ ወንድም ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም በሆነበት ቤት፥ ሁለቱም ትእዛዛት በአንድ ቡና ላይ ሲወሱ መስማት እንግዳ አይደለም። በዚያው ቡና ላይ ደግሞ ከቤቱ ከወጣ ዐሥር ዓመት ያለፈው ባል ሲወሳ፥ ወሩን የሚቆጥር ሰው አይገኝም።

ደሴ የራሷን ባሎች ለሌላ አገር ከማበደሯ በፊት የሌላ አገር ባሎችን ታስተናግድ ነበር፤ ይህን ማስታወስ ለፍርዳችን ሚዛን ይሆነናል። በከተማይቱ የሸቀጥ ሱቅ ከነበራቸው መካከል የየመን ተወላጆች ይገኙበት ነበር፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጠው ስኳርና ጋዝ፥ ክርና ሳሙና ሲሸጡ የሚታዩት እነዚህ ሰዎች፥ ብዙዎቹ በየመን ተራሮች ላይ ሚስትና ልጆች፥ እርሻና እናት ትተው የመጡ ነበሩ፤ እዚህም ያገሩን ልጅ አግብተው ወለዱ። የሁለት አገር ልጆች የሆኑትን የመኖች «ሙወለድ» ይሏቸዋል፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ንግዱ ሲወረስ ብዙዎቹ አባቶች ወደ የመን ሲመለሱ፥ ከልጆቹ ከፊሉ ከአባቱ ጋር ሄዶ አማርኛ ተናጋሪ ዓረብ ተባለ፥ ከፊሉም ከእናቱ ጋር ቀርቶ ዓረብኛ የማያውቅ የዓረብ ልጅ ሆነ። በየመን ያለችው ሚስት «ባሌ ሐበሻ አገር ነው» ስትል የኖረችውን ያህል፥ ዛሬ የወሎዋ ሴት «ባሌ ዓረብ አገር ነው» ትላለች።

ጣሊያኖቹም አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከገቡ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ ከወታደሩ ሌላ መንገድ ሠሪው፥ ሾፌሩ፥ ግንበኛውና መካኒኩ በዚህ አገር ነበሩ፤ በጣሊያን አገር ሚስት ያላቸው ብዙዎች እዚህ የአገሩን ሴት ይዘው ይኖሩ ነበር። የፋሽስት መንግሥት ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅ፥ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ አደረገ። ልብ ይባልልኝ፦ ዐዋጁ የታወጀው በአገሯ ለቀረችው ጣሊያናዊት ሚስት ታስቦ አይደለም፤ ስለ ዘር ንጽሕና በተሰበከ ከንቱ ስብከት ነው። ከሽንፈቱ በኋላ እዚሁ የቀሩና ልጆቻቸውን ያሳደጉ ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ ስለ ደሴ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የሞቱም ነበሩ።

የወሎ ወንድ ራሱ መንገደኛ ሲሆን መጀመሪያ የተቀበለችው አሰብ ናት። ወደቡ ጫኝና አውራጅ፥ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ፥ የከባድ መኪናው መስመር ሾፌርና ረዳት ይፈልግ ነበር፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ፥ ከወረባቦና ከተሁለደሬ ወንዱ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ይወርድ ነበር። ሾፌር በመስመሩ ላይ ሁለት ቤት መያዙ፥ አንዱን በደጋ አንዱን በወደብ፥ ለወሬ እንኳ የማይበቃ የተለመደ ነገር ነበር፤ ደግሞም ርቀቱ የሁለት ቀን መንገድ ስለ ሆነ የላይኛዪቱ ሴት ከፈለገች ተሳፍራ ወርዳ ማየት ትችላለች፤ ወርደው ያዩም፥ ጣውንታቸውን አግኝተው ተጣልተው፥ ወይም ታርቀው የተመለሱ አሉ። በ1983 ዓ.ም. ኤርትራ ስትለይ፥ ኋላም በ1990ው ጦርነት፥ በአሰብ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተፈናቅለው ሲወጡ፥ የወደቡ ቤት ከነልጆቹ ወደ ደጋው ተሰደደ።

ከዚያ ወዲህ የመንገዱ መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ሆነ። ስበቱ ግን ቀደም ያለ ነው፤ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ባለቀበት ወራት፥ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ወጥቶ የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደ ጎርፍ ገንዘብ ሲገባላቸው፥ ድህነትና ብልጽግና በአንዲት ባሕር ብቻ መለየታቸው ያኔ ታየ፤ ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለሐጅና ለዑምራ ሄዶ መቅረት፥ በደላላ እጅ በባቲ፥ በሚሌና በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሶ በጀልባ ወደ የመን መሻገር፥ ከየመንም ድንበር ሰብሮ ወደ ጂዛን መግባት፥ ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚፈጸምና ስንቱን ነፍስ በበረሓና በባሕር እንደሚያስቀር አንባቢ ያውቀዋልና አልዘገይበትም። ለያዝነው ነገር የሚያስፈልገው ሌላ ነጥብ ነው፤ ይኸውም በዚያ አገር ሥርዓት፥ ሠራተኛ በኢቃማው፥ ማለት በመኖሪያ ፈቃዱ፥ እና በከፊሉ፥ ማለት በአሠሪ ዋሱ፥ የታሰረ ሆኖ ኖሯል፤ ዝቅተኛ ሥራ ያለው ሰው ሚስቱን የማስመጣት መብት የለውም፤ ያለ ኢቃማ የሚኖረው እረኛ፥ ዘበኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛማ ስለ ሚስት ሊጠይቅ ይቅርና ራሱም እንደሌለ ሆኖ የሚኖር ነው። ሕጉ ስለዚህ ያገባውን ሰው በግድ ወንደላጤ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ይህም አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት፥ ዐሥር ዓመት ይሆናል። በዚያው ከተማ ደግሞ በቤት ሠራተኝነት የመጣች፥ ከአሠሪዋ የወጣች፥ መጠጊያ የምትሻ ያገሩ ልጅ አለች። ለሁለቱ አንድ ክፍል መከራየት ይረክሳል፤ ሼህ ተጠርቶ፥ ሁለት ምስክር ቆሞ፥ ኒካሕ ይታሰራል፤ ወረቀት የለውም፥ መንግሥትም አይመዘግበውም፤ በሃይማኖቱ ዘንድ ግን ጋብቻ ነው። ክርስቲያኑ ደግሞ ካህን ስለማያገኝ ያለ ምንም ሥርዓት አብሮ ይኖራል፥ ኅሊናውም እየወቀሰው።

እንግዲህ ይህ እንዴት ተሰውሮ ይኖራል? ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ይመጣል፥ ኋላም ሰዉ ድምፁን በካሴት ቀርጾ ይልክ ነበር፤ ቴፑ በቤቱ መካከል ተቀምጦ፥ ዘመድ ተሰብስቦ፥ የባልየውን ሰላምታ ለእያንዳንዱ በስም እየተጠራ ሲሰማ፥ የተናገረውን እንጂ ያልተናገረውን ማንም መጠየቅ አይችልም ነበር። ከዚያ የቴሌ ቀጠሮ መጣ። አሁን ደግሞ ኢሞ የተባለው የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ምስልን ከድምፅ ያመጣው ይህ መሣሪያ ስውሩን ይገልጠዋል ተብሎ ሲጠበቅ፥ ለእርሱም ብልሃት ተገኘለት።

ከብዙ ቤት የሚሰማውን በአንድ ቤት አድርገን እንሣለው። ኮምቦልቻ፥ በርበሬ ወንዝ አካባቢ፥ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት ነው፤ ግድግዳው ተለስኗል፥ የሳሎኑ ኮርኒስ ባለ ጂፕሰም ነው፥ የጓዳው ወለል ግን ገና አፈር ነው፥ የሪያሉ ነገር ሲሻሻል ሊሠራ። ሴትዮዋ ስልኩን በስኒው ረከቦት ጠርዝ ላይ አስደግፋ ታናግረዋለች። ከወዲያ የሚታያት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ነጭ ግድግዳና የዓረብኛ ዘመን መቁጠሪያ። ሰውየው አይነሣም፥ አይዞርም፥ ስልኩን ይዞ ወደ በሩ አይወጣም። አንድ ቀን ከግድግዳው ጀርባ ሕፃን ያስላል። እርሷ ዝም ትላለች፤ እርሱም ዝም ይላል፤ ከዚያ «የጎረቤት ልጅ ነው፥ ግድግዳው ስስ ነው» ይላል፥ ሳትጠይቀው። «እግዜር ይማረው» ብላ ስለ ቆርቆሮው ዋጋ ወደ ማውራት ታልፋለች። አማቷ በአጠገቧ ተቀምጠው ስኒ እያጠቡ ነው፤ ሳሉን ሰምተዋል፤ የሳሉንም ባለቤት ስሙን ያውቁታል፥ የልጅ ልጃቸው ነውና።

አማቲቱን ለመውቀስ አንቸኩል። ልጃቸው ገንዘቡን የሚልከው በእርሳቸው ወይም በወንድሙ ስም ነው፤ ምራቲቱ ተቆጥታ ብትወጣ የልጅ ልጆቻቸው ይበተናሉ፥ ቤቱም ይዘጋል። ከእርሳቸው በላይ ደግሞ ሐዋላ ሠሪው ያውቃል። የሐዋላ ነገር እንዲህ ነው፦ ባልየው ሪያሉን በጂዳ ላለ ሰው ይሰጣል፥ ያም ሰው በስልክ ደሴ ላለው ይነግራል፥ የደሴው ከራሱ ካዝና ብሩን ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ሪያሉ ባሕር አይሻገርም፥ ደረሰኝም የለም፥ መተማመን ብቻ ነው። በመንግሥት ዘንድ የተከለከለ ነው፥ ሆኖም ከሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፥ ምንዛሬውም ከባንክ ይበልጣል። ስለዚህም አንድ ሰው በየወሩ ለሚስቱ በአባወራነት፥ ለሌላዪቱ ሴት እናት ደግሞ በአማችነት እየላከ እንደሆነ፥ ሐዋላ ሠሪው እንደ ነፍስ አባት ያህል ያውቃል፤ እንደ ነፍስ አባትም አይናገርም፥ ቢናገር ንግዱ ያን ቀን ያበቃልና። በጂዳ ከባልየው ጋር በአንድ ክፍል ያደሩት ያገር ልጆችም ያውቃሉ፤ ለዕረፍት ሲመጡ ግን ሻንጣውን አድርሰው፥ ቡና ጠጥተው፥ «ደኅና ነው፥ ሥራ ብቻ ነው» ብለው ይወጣሉ፤ ከመካከላቸውም የራሳቸው ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው አሉና ውለታው የጋራ ነው።

የመጨረሻዪቱ የስውሩ ጠባቂ ሚስቲቱ ራሷ ናት፤ ይህን ስጽፍ ጨካኝ እንዳልባል እፈራለሁ። የማታውቅ ሚስት አለች፤ ነገር ግን እኔ እንደሚመስለኝ ለብዙ ጊዜ ፈጽሞ የማታውቅ ጥቂት ናት። የምታውቀውን ያላወቀች የምትሆንበት ምክንያት አላት፦ ነገሩ በአፍ ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ሽማግሌ ይጠራል፥ ወንድሞቿ ይመጣሉ፥ ልጆቿ ይሰማሉ፥ ገንዘቡም ይቆማል። እስካልወጣ ድረስ ግን የቤቱ እመቤት እርሷ ናት፥ በለቅሶና በሠርግ የምትጠራው በእርሱ ስም ነው። ዝምታዋ ሞኝነት አይደለም፤ የምትይዘው ሌላ መሣሪያ የሌላት ሴት የምትይዘው መሣሪያ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ስልክና ባንክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፥ ለዓመታት ከሚያስጨንቃት ዝምታ ለጥቂት ሳምንት ዐረፍ ያለች ሴት ብትኖር አይደንቅም፤ ያ ዝምታ የማንም በደል አልነበረምና።

አንዳንድ ጊዜ ስውሩን የሚገልጠው መንግሥት ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አልቆ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ማባረር ስትጀምር፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሌላ ዘመቻ ታወጀ፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው በአውሮፕላን የሚመለሰው ሕዝብ አላቋረጠም። ከተመላሾቹ ውስጥ ሕፃን ያቀፉ እናቶች ነበሩበት፤ ልጆቹ በሳዑዲ ተወልደው የሳዑዲም የኢትዮጵያም ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ለዐሥር ዓመት በባሕር ተለያይተው የነበሩ ሁለት ቤቶች፥ አሁን በአንድ ወረዳ፥ በአንድ ገበያ፥ ምናልባትም በአንድ የዘመድ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ።

ያኔ ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛው የያዘው ሕግ ምን እንደሚል ማየት ይገባል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650፥ ጋብቻው ሳይፈርስ ሌላ ጋብቻ የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን፥ በተለይም ሁለተኛዪቱን ሴት ስለ ራሱ ሁኔታ አሳስቶ እንደሆነ፥ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ በስም ጠርቶ ያከበደው የሁለተኛዪቱን መታለል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የፊተኛዪቱ መታለል እንደዚህ በስም አልተጠራም። የሚቀጥለው አንቀጽ 651 ደግሞ በሕግ በታወቀ ሃይማኖታዊ ወይም ባሕላዊ ሥርዓት ለተፈጸመው ይህ ቅጣት እንዳይደርስ ያደርጋል። በእስልምና ሕግ እስከ አራት ማግባት ቢፈቀድም፥ ፈቃዱ በፍትሕ ላይ የቆመ ነው፤ ለያንዳንዷ ቀለቧን፥ ልብሷን፥ ቤቷን፥ ሌሊቷንም ሳይቀር በእኩል ማድረስ ይገባዋል፤ ከሁለቱ አንዷን ከባሕር ማዶ ለዐሥር ዓመት የተወ ሰው ሌሊቱን በምን እንደሚያካፍል የሚያስረዳ ዓሊም አላገኘሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ጉዳዩ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሴቲቱ ከፈለገች ወደ ሸሪዓው ፍርድ ቤት፥ ከፈለገች ወደ መደበኛው መሄድ ትችላለች፤ የባልየው ፈቃድ ግን ከማዶ መገኘት አለበት።

በዚህ ሁሉ መካከል ይበልጥ የሚያስገርመኝ የመጥፋት ውሳኔ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154፥ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ምንም ወሬው ያልተሰማ እንደሆነ፥ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤቱን የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል፤ ውሳኔውም የመጨረሻ በሆነ ቀን ጋብቻው ይፈርሳል። የማሊኪ መዝሀብ ሊቃውንትም የዑመርን ፍርድ ይዘው፥ የጠፋ ሰው ሚስት አራት ዓመት ጠብቃ፥ የመበለት ዒዳዋንም አራት ወር ከዐሥር ቀን ፈጽማ እንድታገባ ፈቅደዋል። ሁለቱም የተሠሩት ለእውነተኛ ጠፊ ነው፤ በባሕር ለሰጠመው፥ በጦር ሜዳ ለወደቀው። የእኛ አባወራ ግን አልጠፋም። በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን በኢሞ ይደውላል፥ በዓል ሲደርስ ጥቂት ብር ይልካል፤ ይህችም ስልክ የሁለት ዓመቱን ቆጠራ ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። መበለት እንዳትሆን ወሬው ይሰማል፥ ሚስት እንዳትሆን አካሉ የለም።

መፍትሔ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ እንዲሁም የአማራ ክልል በዐዋጅ ቁጥር 79/1995 ያወጣው፥ ከተጋቢዎቹ አንዱ ብቻውን ፍቺ እንዲጠይቅ ይፈቅዳሉ፤ በጋብቻው ዘመን የተፈራውም ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ በላኪው ገንዘብ የተሠራው ያ ቤት የእርሷም ነው። ችግሩ ቤቱ በወንድሙ ስም መሠራቱ ነው፤ ሁለተኛው ችግር መጥሪያው ነው። ተከሳሹ በማዶ ስለሆነ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፤ በጂዳ በረት ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ጋዜጣ አያነብም፤ ልጁን «ትምህርት እንዴት ነው» ብሎ የደወለበት ዕለትና ፍርድ ቤቱ «አድራሻው የማይታወቀው ተከሳሽ» ብሎ ያሳወጀበት ዕለት አንድ ቀን ሊሆን ይችላል።

የልጆቹ ጉዳይ ቀረ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው፤ በውርስም እኩል ነው፤ ስለዚህ አባትየው በሞተ ቀን በኮምቦልቻ ያደጉትና በጂዳ የተወለዱት በአንድ ፋይል ላይ ወራሽ ሆነው ይቆማሉ። ለዚህ ግን የጂዳው ልጅ አባቱን ማስረዳት አለበት፤ ኒካሑ ወረቀት የለውም፥ የልደት ምዝገባው የለም፥ በእጁ ያለው የመሸኛ ወረቀት ብቻ ነው። በአገራችን የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት፥ በብዙ ስፍራም ከዚያ በኋላ፥ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳው ከቀበሌ በሚወጣ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱም የሚጻፈው በምስክሮች ቃል ነው። በአንድ ቀበሌ ያገባ ሰው በሌላው ቀበሌ ምስክር ቆጥሮ ያላገባ ሊሆን ይችል ነበር፤ መዝገቦቹ አይተያዩም ነበርና። ምስክሮቹም ከሰማይ አይወርዱም፤ ሻንጣውን ያደረሱት፥ ቡናውን የጠጡት፥ «ደኅና ነው፥ ሥራ ብቻ ነው» ያሉት ሰዎች ናቸው። የጂዳው ልጅ አባትነትን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ሲቀርብም፥ ስለ እርሱ እንዲመሰክሩ የሚጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ይመጣሉ፥ አንዳንዶቹም ስልካቸውን ያጠፋሉ።